ኬዝ በመልኩ ሳይሆን በልኩ ይሸጥልን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ቤታችን ተቀምጠን በኮምፒውተር ሠርተን የምናድር ሰዎች ቁጥራችን ቀላል አይደለም። እኔ የሕንፃ ንድፍ አውጪ ነኝ፤ እንጀራዬ የሚጋገረው ከጠረጴዛዬ ሥር በቆመው ኮምፒውተር ነው። ባለፈው ክረምት ይህንኑ ኮምፒውተር ከጠበበው ሳጥኑ አውጥቼ ወደ ሰፊ ሳጥን አዛወርኩት። ሲታሰብ የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ከግዢው እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከሦስቱ ሳምንታት አብዛኛው የባከነው ሥራው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ዕቃውን የሸጡልኝ ሰዎች ሊነግሩኝ የሚገባቸውን ሦስት ቁጥሮች ስላልነገሩኝና ከዕቃው ጋር የመጣውን አንድ ከረጢት ብሎን ስላልሰጡኝ ነው። ጉዳዩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ ባልጻፍኩ ነበር። ነገር ግን ያነጋገርኳቸው የሙያ ጓደኞቼ ሁሉ ተመሳሳይ ታሪክ ስለነገሩኝ፣ የደረሰብኝንና የተማርኩትን ለአንባቢ ማካፈል፣ ነጋዴዎቻችንንም አንድ ነገር መጠየቅ ፈለግሁ።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ልናገር። በአገራችን ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ብሎ መጥራት ተለምዷል። ሲፒዩ ወይም ፕሮሰሰር የሚባለው ግን ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚጠፋ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ የዘርፉ ሰዎች «ኬዝ» የሚሉት ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን ኪስንም ይጎዳል። ኮምፒውተሩ ሲግል፣ ሲጮኽና ሥራ መካከል ሲያዘግም «ሲፒዩው ደክሟል፣ ሽጠህ ሌላ ግዛ» የሚለው ምክር የሚመጣው፣ ሳጥኑና በውስጡ ያለው ዕቃ አንድ ነገር ተደርገው ስለሚታሰቡ ነው። ደክሟል የተባለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ያጣው አየር ነው። አየር የሚሰጠውና የሚነፍገው ደግሞ ኬዙ ነው።

የእኔን ኮምፒውተር በ2013 ዓ.ም. ያስገጣጠምኩት ከራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰርና ማይክሮ ኤቲኤክስ ከሚባለው አነስ ያለ ማዘርቦርድ ጋር ነበር። ኬዙ ያን ጊዜ በርካሽ የተገኘ ጠባብ ሳጥን ነው፤ ፊቱ ድፍን ላሜራ፣ ከኋላው አንድ ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ፋን ብቻ ያለው። ለሁለት ዓመት ያህል አልተቸገርኩም። የሕንፃዎቹን ምስል በሦስት አቅጣጫ አውጥቼ ለደንበኛ ማሳየት ስጀምር ግን የፕሮሰሰሩ ሙቀት 91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስ ጀመረ፤ አምራቹ ለዚህ ፕሮሰሰር ያስቀመጠው ጣሪያ 95 ነው። በዚህ መካከል ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ በሻንጣው ባለ ሦስት ፋን ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል የሚያቀነባብር ዕቃ ይዞልኝ መጣ። ካርዱ 32 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የእኔ ኬዝ የሚቀበለው 28 ነው። አራት ሴንቲ ሜትር! የስጦታውን ካርድ በእጄ ይዤ ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ፤ ላሜራው ግን አይዘረጋም።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚህ በፊት ሲነገር ሰምቼው አላውቅምና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ፋኑ እንደ ሌላው አገር ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ብርድ ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሳል፤ የግንባታውና የመንገዱ አቧራ ደግሞ ያካካሰውን መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ አየር በደንብ የሚያስገባ፣ አቧራን ግን በወንፊት የሚያስቀር ኬዝ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

ኬዝ ፍለጋ ስወጣ በየሱቁ የገጠመኝ አንድ ዓይነት ነው። መደርደሪያው ላይ ፊታቸው መስታወት የሆነ፣ ጎናቸው መስታወት የሆነ፣ ፋኖቻቸው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የሚያበሩ ኬዞች ተደርድረዋል። «ስንት ሴንቲ ሜትር ካርድ ይቀበላል?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ «ጋሼ፣ ይሄማ ትልቅ ነው፤ ሁሉንም ይይዛል» ነው። «የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ እስከ ስንት ቁመት ይገባበታል?» ስል ሻጩ የመብራቱን ሪሞት አውጥቶ ቀለም ይቀያይርልኛል። ወጣቶቹን አልወቅሳቸውም፤ ማንም አልነገራቸውም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውንም ገዢ ጠይቋቸው አያውቅም። ሆኖም ኬዝ እንደ ጫማ ነው፤ «ትልቅ ነው» ተብሎ አይገዛም፣ ቁጥር አለው።

ቁጥሮቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የሚቀበለው ማዘርቦርድ መጠን ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የሚባለውን ደረጃ ካወጣ ወዲህ የቦርዱ ስፋትና የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታ ደረጃውን በሚከተሉ አምራቾች ሁሉ ዘንድ አንድ ሆኗል፤ ሙሉው ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ የእኔ ዓይነቱ ማይክሮ ኤቲኤክስ ቢበዛ 244 በ244፣ ትንሹ ሚኒ አይቲኤክስ ደግሞ 170 በ170 ነው። ዛሬ የተገዛ ኬዝ የዛሬ ሃያ ዓመት የተሠራ ቦርድ የሚቀበለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከውጭ ከቢሮ ተለቅመው የሚገቡት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ግን ብዙዎቹ ይህን ደረጃ አይከተሉም፤ ቦርዳቸውም፣ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላያቸውም ለራሳቸው ሳጥን ብቻ የተሠራ ስለሚሆን፣ እነሱን ወደ ሌላ ኬዝ ለማዛወር ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከፍቶ ይለካ። ሁለተኛው ቁጥር የግራፊክስ ካርዱ ርዝመት ነው። ሦስተኛው የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣው ቁመት ሲሆን፣ ይህ ካልታወቀ የጎኑ ክዳን አይዘጋም። ሦስቱም ብዙ ጊዜ በአምራቹ የመመሪያ ወረቀት ላይ በግልጽ ታትመዋል። ችግሩ ወረቀቱ ከገዢው እጅ አለመድረሱ ነው።

በመጨረሻ ከአንድ ሱቅ ሙሉ ኤቲኤክስ የሚቀበል፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ኬዝ ገዛሁ። ሱቁን በስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ጉዳዩ የአንድ ሱቅ አይደለምና። «እኛው በነጻ እናዛውርልዎታለን» አሉኝ፤ ደስ ብሎኝ ተውኩላቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሰው፣ መብራቱን አብርተው አስረከቡኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሥራ እየሠራሁ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና ስል አምፖሉ ይበራል። ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየጠፋ ያስቸግረኝ ጀመር። መልሼ ስወስደው «ፓወር ሰፕላይ ያስፈልገዋል» ተባልኩ። ፓወር ሰፕላዩ ግን በአሮጌው ኬዝ ለዓመታት አንድ ቀን እንኳ ሳያስቸግር ሠርቷል።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ከተነሣ በኋላ የምግብ ጠረጴዛውን ጠርጌ፣ ካቻቪቴዬን ይዤ ራሴ ፈታሁት። ያየሁትን እንዳለ ልንገራችሁ። ማዘርቦርዱ ኬዙን እንዳይነካ ከሥሩ የሚተከሉ ትንንሽ የነሐስ እግሮች አሉ። ቁጥራቸውና ቦታቸው ከቦርዱ ቀዳዳ ጋር አንድ ለአንድ መግጠም አለበት። የእኔ ቦርድ ግን በአራት ብሎን ብቻ ተይዞ፣ አንዱ እግር ቦርዱ ቀዳዳ በሌለው ቦታ ተተክሎ ቀርቷል። ቦርዱን ገልብጬ በስልኬ መብራት ሳየው፣ ከጀርባው በተበየዱት ጥቃቅን ነጥቦች መካከል መርፌ የጫረው የመሰለ የሚያብለጨልጭ ጭረት አገኘሁ። ከባዱ ካርድ ቦርዱን ወደ ታች ሲጎትተው፣ ሙቀቱም ሲጨምር፣ ነጥቡ ነሐሱን ይነካል፤ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። ጥፋተኛ የተባለው ዕቃ ኮምፒውተሬን ከመቃጠል ያዳነው እሱ ነበር።

ሁለተኛው ያየሁት ነገር ብሎኑ ነው። አንባቢ ብሎን ያው ብሎን ነው ብሎ እንዳያልፈው፤ በአንድ ኬዝ ውስጥ የሁለት የልክ ሥርዓት ብሎኖች አሉ። አንደኛው በኢንች ሥርዓት የተሠራ፣ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ ነው፤ ትልቁን ሃርድ ዲስክና ፓወር ሰፕላዩን የሚይዘው እሱ ነው። ሌላው ኤም 3 የሚባለው፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለው ነው፤ ኤስኤስዲ የሚባለው ትንሹ የመረጃ ማከማቻ የሚታሰረው በዚህ ነው። የነሐሱ እግሮች እንደ ኬዙ አንዱን ወይም ሌላውን ይወስዳሉ። ቀጭኑን ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ብትከቱት ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ ወፍራሙን ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ በጉልበት ብታስገቡት ጥርሱን በልቶ ቀዳዳውን ለዘለዓለም ያበላሸዋል። የእኔ ኤስኤስዲ አንዱ ቀዳዳ እንዲያ ሆኖ አገኘሁት። ትልቁ ሃርድ ዲስክ ደግሞ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል። አምራቹ እነዚህን ሁሉ ለይቶ በከረጢት አድርጎ ከኬዙ ጋር ይልካል። ሱቁ ሄጄ ከረጢቱን ስጠይቅ «ከካርቶኑ ጋር ተጥሏል» አሉኝ፤ ወዲያውም ብሎን ካስፈለገኝ በነጠላ ሊሸጡልኝ እንደሚችሉ ነገሩኝ። የከፈልኩበትን ዕቃ ሁለተኛ ከመግዛት ይልቅ መርካቶ ወርጄ፣ አንድ አዛውንት ሬዲዮ ጠጋኝ ከጣሳቸው ውስጥ እየለኩ የጎደለኝን መረጡልኝ፤ ሂሳብም አልተቀበሉኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ማንም የተረጋጋ ሰው ሊሠራው እንደሚችል በድፍረት እመሰክራለሁ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረውን ኃይል ማስወጣት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነውና ቦርዱን ከመንካት በፊት የኬዙን ባዶ ብረት መንካት፤ ከመፍታት በፊት እያንዳንዱን ሽቦ በስልክ ፎቶ ማንሳት። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ከቦርዱ ጋር እንዳለ መነሣት ስለሚችል ካልነቀላችሁት በሁለቱ መካከል የሚቀባው የሙቀት ቅባት እንደ አዲስ አያስፈልገውም። በጀርባ በኩል ያለው የሶኬቶች መሸፈኛ ላሜራ ከቦርዱ በፊት መግባት አለበት፤ እኔ ረስቼው ስምንት ብሎን ካሰርኩ በኋላ እንደገና ፈትቻለሁ።

ከሁሉ ያታከተኝ ከማብሪያው፣ ከሪሴቱና ከመብራቶቹ የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ጽሑፋቸው ከጤፍ ፍሬ የሚተልቅ አይደለም። የ12 ዓመት ልጄ መብራት ይዛ «አባዬ፣ ይሄኛው ፓወር ነው፤ ይሄ ደግሞ ሪሴት» እያለች አነበበችልኝ። የመብራቶቹ ሽቦ ፕላስና ማይነስ ይለያል፤ ቢገለበጥ መብራቱ አይበራም እንጂ ጉዳት አያመጣም። የማብሪያው ግን በየትኛውም ጎን ቢገባ ይሠራል። የዩኤስቢ 3 ወፍራም ሶኬት ከሥሩ 19 ጥቃቅን መርፌዎች ስላሉት አቅጣጫው ሳይታይ መጫን የለበትም፤ አንዷ ከታጠፈች መልሶ ማቃናት ትዕግሥት ይፈታተናል።

ሰፊ ኬዝ የራሱ ጣጣም አለው። በአሮጌው ኬዝ ሲተርፍ የነበረው የፕሮሰሰሩ የኃይል ገመድ፣ በአዲሱ ኬዝ ከቦርዱ ጀርባ ዞሮ ሲመጣ ስድስት ሴንቲ ሜትር አጠረ። ማስረዘሚያ እስካገኝ ድረስ በቦርዱ ፊት አሳልፌዋለሁ፤ መልኩ አያምርም፣ ይሠራል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር አደራ ልበል፤ ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ፣ ማንም «ይሄም ይገጥማል» ብሎ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የመጣ ገመድ እንዳይሰጣችሁ። ሶኬቱ ሊገጥም ይችላል፤ የሽቦዎቹ አደራደር ግን ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። 12 ቮልቱ በ5 ቮልት መስመር ከገባ ሃርድ ዲስኩ ከነሰነዱና ከነፎቶግራፉ ይቃጠላል።

ኮምፒውተሩ ያን ቀን ማታ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ በራሱ ጠፍቶ አያውቅም። ሙቀቱ ግን እንዳሰብኩት አልወረደም፤ በሥራ ላይ 83 ዲግሪ ነበር። ፊት ለፊት ሁለት ባለ 14 ሴንቲ ሜትር ፋኖች እያሉ ለምን ብዬ የፊቱን መስታወት አንሥቼ ያንኑ ሥራ ደግሜ አሠራሁት፤ ወደ 74 ወረደ። ፋኖቹ አየር የሚስቡት ጣት በማያሳልፍ የጎን ክፍተት በኩል ነበር። መስታወቱ አፋቸው ላይ የተጫነ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

መስታወቱን ይዤ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። እዚያ ከአሮጌ በርሜልና ከቆርቆሮ የማይሠሩት ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ወጣት መስታወቱን በእጁ መዝኖ «ምን ሊሆንልህ ነው?» አለኝ። «አየር የሚያስገባ ክዳን» ስለው ሌላ ጥያቄ አልጨመረም፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላሜራ አምጥቶ በመስታወቱ ልክ ቆረጠ፣ ጠርዙን አጠፈ፣ እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ አለሰለሰ። የወሰደው ጊዜ አርባ ደቂቃ አይሞላም። ኬዙን ራሱን ወደዚያ አለመውሰዴ ሆን ብዬ ነው፤ የብረት ብናኝ ማዘርቦርድ ላይ ከወደቀ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና። ላሜራውንም ቤት አምጥቼ በሳሙና አጥቤና አድርቄ ነው የገጠምኩት። ከጀርባው ለአቧራ የሚሆን ስስ የናይለን ወንፊት አደረግሁበት፤ በየሁለት ሳምንቱ አውጥቼ አጥበዋለሁ። የሚያስገቡት ፋኖች ሁለት፣ የሚያስወጣው አንድ ስለሆነ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ አቧራ ወደ ውስጥ አይስብም። አሁን በሙሉ ሥራ ላይ 75 ዲግሪ ነው፤ የፋኑ ጩኸት ስለቀነሰም ሌሊት ስሠራ ከጎን ክፍል የተኛ ሰው አይነቃም።

በጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር አቧራ ማስነፋት የለመዳችሁ ወገኖቼም ብትተዉት እመክራለሁ፤ ከአየሩ ጋር የውሃ ጠብታ ይወጣል፣ ፋኑንም ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ኬዙን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ኬዙን አትጠርጥሩ፤ ዲቫይደሩ ወይም የግድግዳው ሶኬት የመሬት መስመር የለውም ማለት ነውና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ኬዝ የሚሸጡ ነጋዴዎች ይህን ለማሟላት የሚያስፈልጋቸው አንድ ቁራጭ ወረቀትና ስክሪፕቶ ነው፤ የሚቀበለው ቦርድ፣ የካርዱ ርዝመት፣ የማቀዝቀዣው ቁመት በአማርኛ ተጽፎ ኬዙ ላይ ይለጠፍ። የብሎኑ ከረጢትና የመመሪያው ወረቀት የዕቃው አካል ናቸውና ከዕቃው ጋር ለገዢው ይሰጡ፤ ሱቁ ራሱ ቢገጥምም የተረፈው ብሎን ይመለስ። አስመጪዎች ደግሞ ከሚያመጡት መካከል ፊታቸው ወንፊት የሆኑትን ቢያበዙልን፣ ከመስታወቱ ኬዝ የቀለለ እንጂ የከበደ ጭነት አይሆንባቸውም።

እኔ በበኩሌ የሦስቱን ቦርዶች መጠንና የእግሮቻቸውን ቦታ በትክክለኛው ልክ በወረቀት ነድፌ አዘጋጅቻለሁ። ኬዙ ውስጥ ቢነጠፍ የትኛው እግር የት እንደሚተከል ወዲያው ያሳያል። ጋዜጣው ሊያትመው ከፈቀደ ንድፉን ያለ ምንም ክፍያ እልካለሁ፤ ሱቆችም ቢፈልጉት አባዝተው ለሠራተኞቻቸው ይስጡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የንድፍ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ